ቀጋን በምን እንሳለው? የውሃ ቀለም፣ ብራና፣ ባለቀለም እርሳስ ወይስ ብዕር

ዕፅዋት መሳል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ምን ልግዛ?» ይለኛል። የሥዕል ዕቃ መሸጫ ሲገባ የውሃ ቀለም አለ፣ አክሪሊክ አለ፣ ከለር በየሳጥኑ አለ፣ ብዕሩ በየቁጥሩ ተደርድሯል። ሁሉም ጥሩ ይመስላል። ብዙ ሰው ታዲያ ሦስት ዓይነት ዕቃ ገዝቶ ይወጣል፤ አንዱንም ሳይለምደው ወር ያልፋል።

እኔ መልስ የምሰጠው አንድ ተክል ይዤ ነው። ቀጋ ይባላል። የደጋችን የራሱ ጽጌረዳ ነው። በእንጦጦ በኩል በእግር የወጣ ሰው እሾሁ ልብሱን ይዞት ያውቃል፤ ገጠር ያደገ ደግሞ ፍሬውን በልቶታል። ቀጋን የመረጥኩት ሰዓሊን ሁሉ ስለሚፈትን ነው። አበባው ነጭ ነው፤ በነጭ ወረቀት ላይ ነጭ መሳል ከባድ ነው። ፍሬው የሚያበራ ቀይ ነው። ቅጠሉ ዳር ዳሩን መጋዝ ይመስላል። እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር ወደ ታች ይታጠፋል። ቀጋን በደንብ ያወጣ ዕቃ ሌላውንም ያወጣል። ባለፉት ዓመታት ይህንኑ ተክል በአራት መንገድ ስዬዋለሁ፤ የማነጻጽራቸውም እነዚህን አራቱን ነው።

ከዕቃው በፊት፦ ሥዕሉ ለማን ነው?

የዕፅዋት ሥዕል ሲባል ሁለት የተለያየ ሥራ አለ።

አንደኛው ለሳይንስ የሚሠራው ነው። አሊስ ታንጀሪኒ ከ1972 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በዋሽንግተኑ የስሚዝሶኒያን ተቋም የዕፅዋት ክፍል ሰዓሊ ሆነው ሠርተዋል። ብዙውን ጊዜ የሚስሉት ደርቆ በወረቀት ላይ የተለጠፈ ናሙና ነው። አዲስ የተገኘ ተክል ለዓለም ሲገለጽ ሥዕሉ ከጽሑፉ ጋር ይወጣል። እዚህ ላይ ውበት ሁለተኛ ነው። አበባው ተከፍቶ ውስጡ መታየት አለበት፤ ልኩም ጎኑ ላይ መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛው ለዓይንና ለልብ የሚሠራው ነው። ስኮትላንዳዊው ሮሪ ማክዩን (1932–1982) ከመንገድ የለቀመውን አንድ የደረቀ ቅጠል በሰፊ ባዶ ገጽ መሃል ብቻውን ይስለው ነበር። ቅጠሉ በነፍሳት ተበልቷል፣ ዳሩ ተቆርጧል፣ ቀለሙ ሄዷል። እሱ ግን የንጉሥ መልክ የሚስል ያህል ተጠንቅቆ ነው የሠራው። ዛሬ በዘርፉ ያሉ ሰዓሊዎች ብዙዎቹ ከእሱ ተምረዋል።

ሁለቱም ወገን ተክሉን አያታልሉም። ሰባት የሆነውን ቅጠል ስድስት አያደርጉም። ልዩነቱ ሥዕሉ የት እንደሚደርስ ነው። መጽሔት ላይ ይታተማል? ግድግዳ ላይ ይሰቀላል? ወይስ የራሳችሁ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይቀራል? ይህን ሳትመልሱ ገንዘብ አታውጡ።

የምንመዝንባቸው ነገሮች

ዋናዎቹ ስድስት ናቸው፤ እኩል ክብደት ግን የላቸውም።

ነጩ አበባ እንዴት ይወጣል? ስህተት ይታረማል ወይ? ኅትመት ላይ ያምራል ወይ? ወጪውስ? እነዚህ አራቱ ግልጽ ናቸው።

አምስተኛው ጊዜ ነው። ቀጋ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ ብርጭቆ ውስጥ ስታስቀምጡት አበባው ብዙ አይጠብቃችሁም። ጠዋት የተከፈተው በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ረግፎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የምትመርጡት ዕቃ ከአበባው ፍጥነት ጋር መሄድ አለበት፤ ካልሆነም መጀመሪያ በእርሳስ ልኩን፣ በትንሽ የቀለም ናሙና መልኩን ይዛችሁ ማቆየት አለባችሁ።

ስድስተኛው ብርሃን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያቃጠለኝ ነገር ስለሆነ። በጀመርኩበት ሰሞን የቀጋ ፍሬ ስዬ መስኮት ፊት ለፊት ሰቀልኩት። ቀለሙን የገዛሁት ከአንድ ሱቅ ነው፤ ሻጩ «ይሄ አንደኛ ነው» ብሎኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ፍሬው ነጣ፤ ጥላ ያደረግኩበት ቡናማ ብቻ ቀረ። ቅጠሉም ወደ ሰማያዊ ሄደ። አረንጓዴውን የቀላቀልኩት ከቢጫና ከሰማያዊ ነበር፤ ቢጫው በፀሐይ ሲጠፋ ሰማያዊው ብቻውን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ቱቦውን አዙሬ ሳላነብ አልገዛም። ጥሩ ቀለም ላይ የሚሰጠው ስም ሳይሆን የቀለሙ ኮድ ነው ዋናው። ኮዱ በ«ፒ» ይጀምራል፤ ቀጥሎ ቀይ ከሆነ «አር»፣ ቢጫ ከሆነ «ዋይ»፣ ሰማያዊ ከሆነ «ቢ»፣ ሐምራዊ ከሆነ «ቪ» ይመጣል፤ ከዚያ ቁጥር ይከተላል። አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለው ደም መሳይ ቀይ ኮዱ «ፒ አር 83» ነው፤ ሲያዩት ያምራል፣ ብርሃን ግን ይበላዋል። በእሱ ፈንታ ኩዊናክሪዶን የተባለውን «ፒ ቪ 19» ውሰዱ። ቱቦው ላይ «ኤ ኤስ ቲ ኤም» የሚል የብርሃን መቋቋም ደረጃ ምልክት ካለ 1ኛና 2ኛ ደረጃ የሆኑትን ብቻ ያዙ። ኮድ የሌለው ቀለም ለልምምድ ይሁን።

ቤት ውስጥም መፈተን ይቻላል። የያዛችሁትን ቀለም ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በመስመር በመስመር ቀቡ። ግማሹን በካርቶን ሸፍኑና መስኮት ላይ ለጥፉት። ከሦስት ወር በኋላ ካርቶኑን አንሱት። የተሸፈነውና ያልተሸፈነው ግማሽ ከተለያየ ያ ቀለም ከሳጥናችሁ ይውጣ።

የውሃ ቀለም በወረቀት ላይ

የዘርፉ ዋና መንገድ ይህ ነው። ከ1787 ጀምሮ የሚወጣው፣ ዛሬ የለንደኑ ኪው የዕፅዋት ማዕከል የሚያዘጋጀው መጽሔት እስከ ዛሬ የሚገለገለው በዋናነት በውሃ ቀለም ነው፤ ክሪስታቤል ኪንግን የመሰሉ ሰዓሊዎች አሥርተ ዓመታት ሠርተውበታል።

ለእኛም ቅርብ ነው። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጎንደር ሲመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰዓሊ አብሮት ነበር። ኮሶን ጨምሮ ብዙ ተክሎቻችንን ስሏል። አገሩን ዳግም ሳያይ ጎንደር ላይ አረፈ። ብሩስ ሥዕሎቹን የራሱ ሥራ አስመስሎ አቀረባቸው፤ የባሉጋኒ ድርሻ በወጉ የታወቀው ብዙ ዘግይቶ ነው። ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ይቆጨኛል። ከዕቃ ምርጫ አንጻር ግን የሚነግረን ነገር አለ። ከ250 ዓመት በኋላም እንዲታይ የሆነው በወረቀት ላይ ያለ የውሃ ቀለም ነው። ከብርሃንና ከእርጥበት ከተጠበቀ ይኖራል።

በዚህ መንገድ ገንዘባችሁን ወረቀቱ ላይ አውጡ። ብሩሽ ላይ አይደለም፣ ሃያ አራት ቀለም ያለው ሳጥን ላይም አይደለም። የምትፈልጉት መቶ በመቶ ከጥጥ የተሠራ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ ገጹ ልሙጥ የሆነ ነው። ልሙጡ «ሆት ፕረስ» ይባላል። በሱቅ የሚበዛው ግን ሸካራው «ኮልድ ፕረስ» ነው፤ ለመልክዓ ምድር ጥሩ ነው፣ የቀጋን ቅጠል መጋዝ ግን አያወጣም። ብሩሹ በሸካራው ላይ እየዘለለ መስመሩን ይቆራርጠዋል። ተራ የሥዕል ወረቀት ደግሞ ሁለተኛውን ንጣፍ ስትጨምሩበት ይላጣል። «እጄ ነው እንጂ ወረቀቱ አይደለም» ብለው ሥዕል የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ወረቀቱ ነበር።

አንድ ሙሉ ወረቀት 56 በ76 ሳንቲሜትር ነው። በስምንት ቢቆረጥ እያንዳንዱ 19 በ28 ይሆናል፤ ለአንድ የቀጋ ቅርንጫፍ በቂ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ልብስና ሽቶ ከምታስመጡ አምስት ሉህ በካርቶን መሃል አስደርጋችሁ አስመጡ። የተጠቀለለ ወረቀት መልሶ ጠፍጣፋ ማድረግ ያስቸግራል።

ቀለም ስድስት ይበቃል። ሁለት ቢጫ፣ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፤ ከእያንዳንዱ አንዱ ሞቅ ያለ አንዱ ቀዝቀዝ ያለ። ቡናማ ልታክሉ ትችላላችሁ። አረንጓዴ አትግዙ፤ ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ ተክል አይመስልም።

አሁን ቅጠሉን እንሥራ። መጀመሪያ መላውን ቅጠል በንጹሕ ውሃ አርጥቡት። በጣም የቀጠነ ሰማያዊ ጣል አድርጉበት። ይህ ሰማያዊ ኋላ ላይ ቅጠሉ ሰማይን የሚያንጸባርቅበት ብልጭታ ይሆናል። ይድረቅ። ከዚያ አረንጓዴውን ብልጭታውን ትታችሁ ጨምሩ። ይድረቅ። ከሦስተኛው ጀምሮ ብሩሹን በጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ፣ ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በጫፉ ብቻ ትናንሽ ጭረት ትሠራላችሁ። ከመሃለኛው ደም ሥር ወደ ዳር፣ በደም ሥሮቹ መሃል። የቅጠሉ ደም ሥር የተሳለ መስመር አይደለም፤ ሳይቀባ የቀረ ቦታ ነው። ይህን አንድ ነገር የተረዳ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ነጩ አበባስ? ነጭ ቀለም አንጠቀምም። ወረቀቱ ራሱ ነጩ ነው። ሰማያዊና ቡናማ ቀላቅላችሁ በውሃ እስኪጠፋ ድረስ አቅጥናችሁ ጥላውን ብቻ ታስቀምጣላችሁ። አበባው የሚወጣው ከኋላው ያለው ቅጠል ሲጠቁር ነው። ስለዚህ ቅርንጫፉን ስታስቀምጡ ከአበባው ጀርባ ቅጠል እንዲውል አድርጉ።

ድክመቱ ስህተት ላይ ነው። አንዳንድ ቀለም በእርጥብ ብሩሽ ይነሳል፣ አንዳንዱ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ለመልመድም ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሥዕሎች አያምሩም፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ።

የውሃ ቀለም በብራና ላይ

ልቤ ያለው እዚህ ነው፤ አልደብቅም።

በአውሮፓና በአሜሪካ የዕፅዋት ሰዓሊዎች ዘንድ ብራና ላይ መሳል ዳግም ያንሰራራው በተለይ በማክዩን ምክንያት ነው። እነሱ የሚጠቀሙት በብዛት የጥጃ ቆዳ ነው። እንግሊዝ አገር ከ1870 ጀምሮ የሚሠራው ዊልያም ካውሊ ዋናው አቅራቢያቸው ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ብዙ ሰዓሊ የሚገዛው የእጅ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ነው።

እኛ ዘንድ ግን ብራና ሥራው አልተቋረጠም። የፍየሉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ጠጉሩና ሥጋው ይፋቃል፣ በድንጋይ ይታሻል። ለመጽሐፍ፣ ለክታብ፣ ለሥዕል ይዘጋጃል። ከአንድ ብራና አዘጋጅ ቁራጭ ስገዛ «ምን ልትጽፍበት ነው?» አሉኝ። «ቀጋ ልስልበት ነው አባቴ» አልኳቸው። ቁራጩን ወደ ብርሃን አንስተው አዩትና መለሱት፤ ሌላ ቀጠን ያለ፣ ደም ሥር ያልበዛበት መረጡልኝ። «ይሄኛው ይቀበልሃል» አሉኝ።

ተቀበለኝ፤ ግን መጀመሪያ አበላሸሁት። እንደ ወረቀቱ መስሎኝ በውሃ አረጠብኩት። ብራናው ወዲያው ተኮማተረ። ብራና ውሃ አይጠጣም፤ ቀለሙ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ብሩሹ ደረቅ መሆን አለበት። ትንሽ ቀለም ነክታችሁ ትጠርጉና የፀጉር ያህል ጭረት ታስቀምጣላችሁ። ሁለተኛውን ንጣፍ ስትጨምሩ ከበድ ካላችሁ የታችኛው ይነሳል። ሥራው አድካሚ ነው። አንዲት የቀጋ ፍሬ ሦስት ምሽት ወሰደችብኝ።

ውጤቱን ግን ወረቀት አይሰጥም። ብርሃኑ በቀለሙ ውስጥ አልፎ ከብራናው ተመልሶ ይመጣል። ፍሬዋ ከውስጥ የበራች ትመስላለች። ስህተት ደግሞ ቀላል ነው። እርጥበት ያለው ብሩሽ ነክቶ ማንሳት ብቻ ነው። ከአራቱ መንገዶች ስህተትን እንደ ብራና የሚምር የለም፤ ይህ ብዙዎችን ያስገርማል።

ከመሳላችሁ በፊት ገጹን ስቡን የሚያወጣ ደቃቅ የፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ዱቄት አድርጋችሁ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ካልሆነ ቀለሙ ይንከባለላል። በእጃችሁም ገጹን አትንኩ፤ ከእጃችሁ በታች ወረቀት አድርጉ። ሥዕሉ ሲያልቅም ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ እንጂ ገላጣውን አይሰቀል። ብራና አየሩ ሲረጥብ ይለቃል፣ ሲደርቅ ይወጠራል።

ነጩ አበባ እዚህ ይከብዳል። የብራናው ቀለም ክሬም ነው፤ ነጭ ቀለም ጣል ማድረግ ግድ ይላል። ስለዚህ በብራና ላይ ከቀጋ አበባ ይልቅ የቀጋን ፍሬ ምረጡ። ወይም ሊረግፍ ሲል ብርቱካናማ የሚሆነውን የብሳና ቅጠል። የብሳና ቅጠል በብራና ላይ ሳይ ሌላ ነገር መሳል ያስጠላኛል።

ባለቀለም እርሳስ

ከለር ሲባል ብዙ ሰው የልጆች ነገር ይመስለዋል። እንግሊዛዊቷ አን ስዋን ግን በዚሁ ሥራዋ ትታወቃለች፤ ከአገሯ የአትክልተኞች ማኅበርም የወርቅ ሜዳሊያ ደጋግማ አግኝታለች።

ትልቁ ጥቅሙ ቁጥጥሩ ነው። ውሃ የለም፣ መድረቅ መጠበቅ የለም። ስልክ ቢደወል አስቀምጣችሁ ተነሱ፤ ስትመለሱ እንደነበረ ነው። ሕፃን ልጅ ላላት እናት፣ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተክሉ ያለበት ቦታ ድረስ ይዛችሁት ትሄዳላችሁም። ቅርንጫፍ መቁረጥ በማይፈቀድበት፣ ለምሳሌ በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ ቁጭ ብላችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

አሠራሩ ድርብርብ ነው። ጫፉ እንደ መርፌ ተቀርጾ፣ እጅ ሳይጫን፣ ስድስት ሰባት ጊዜ አንዱ በአንዱ ላይ። ብዙ ጀማሪ ገና በመጀመሪያው ይጫናል። ወረቀቱ አንዴ ከጠገበ ሌላ ቀለም አይዝም። መቅረጫውን ከጎናችሁ አታርቁት፤ በየደቂቃው ማለት ይቻላል ትቀርጻላችሁ።

የሰም እርሳስና የዘይት እርሳስ አለ። የሰሙ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ተደራርቦ ሲሠራበት ከጊዜ በኋላ ላዩ ላይ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር ያወጣል፤ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። የዘይቱ ጠንከር ይላል፣ ጫፉም ይቆያል። ለጥቃቅኑ እሾህ የዘይቱን እመርጣለሁ። ሮዝና ሐምራዊ እርሳስ ስትገዙ ተጠንቀቁ። የብርሃን ችግር የሚብሰው በእነሱ ነው፤ በአንድ ሳጥን ውስጥ እንኳ አንዱ የሚቆይ ሌላው የሚጠፋ ነው።

ነጩን አበባ በተመለከተ እንደ ውሃ ቀለሙ ወረቀቱን ትታችሁ ጥላውን በቀጭን ግራጫ ታወጣላችሁ። ከውሃ ቀለሙ ይቀላል፤ ግራጫው ከአቅም በላይ አያመልጥም። ድክመቱ ጥልቀት ነው። በጣም የጠቆረ አረንጓዴ ማውጣት ያደክማል፤ ትልቅ ቅጠልማ ጨርሶ አይመከርም። እንሰት በከለር ልሳል ያለ ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል።

ብዕርና ጥቁር ቀለም

ከሁሉም ርካሹ፣ ከሁሉም ጥብቁ። አንድ የ0.1፣ አንድ የ0.3 ሚሊሜትር ብዕርና ልሙጥ ወረቀት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ዘንድ ያለው ራፒዶግራፍም ይሆናል። ቀለሙ የማይለቅ፣ ብርሃን የማይበላው የካርቦን ጥቁር መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

ሳይንሱ የሚጠይቀው ይህንን ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጽ ተመዝግበው በ2009 ሲጠናቀቁ ሥዕሎቹ ጥቁርና ነጭ የብዕር ሥዕሎች ነበሩ። ስቴላ ሮስክሬግ (1906–2006) የብሪታንያን ዕፅዋት ከ1,300 በላይ ገጽ ስትስል ቀለም አልነካችም። ምክንያቱ ቁጠባ ብቻ አይደለም። መስመር ይናገራል። ቀለም የሚሸፍነውን ጠጉር፣ ዕጢ፣ የእሾህ መታጠፊያ መስመር ያወጣዋል።

የደረቀ ናሙና ከሆነ አበባውን በፈላ ውሃ ጥቂት ነክረው ያለሰልሱታል፤ ከዚያ በአጉሊ መነጽር ሥር ከፍተው ይስሉታል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ገረመኝ። ለብዙ ዓመት የደረቀ አበባ በሻይ ኩባያ ውስጥ ሲዘረጋ ታያላችሁ።

ጥላው በነጠብጣብ ይሠራል። ጥቅጥቅ ሲል ይጠቁራል፣ ሲሳሳ ይነጣል። የቀጋን አበባ ለማውጣት ሃምሳ ነጥብ እንኳ ይበዛል። እዚህ ላይ ትንሹን የመረጠ ያሸንፋል። ሥዕሉን ከሚታተምበት መጠን አንድ ተኩል ወይም እጥፍ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ሲያንስ መንቀጥቀጡ ይጠፋል። መስመሩ ግን እንደ ክር አይቅጠን፤ ሲታተም ይሰወራል።

ስህተት በወረቀት ላይ ምሕረት የለውም። ባለሙያዎቹ በፕላስቲክ የንድፍ ፊልም ላይ ሠርተው የተሳሳተውን በምላጭ ይፍቁታል።

ሌሎቹ በአጭሩ

ጉዋሽ የሚባለው የማያሳልፍ የውሃ ቀለም ነው። ማርጋሬት ሚ (1909–1988) የአማዞንን ዕፅዋት የሳለችው በእሱ ነው። በ1988፣ በ79 ዓመቷ አካባቢ፣ በአንድ ሌሊት ብቻ የምትከፈተውን የአማዞን የጨረቃ አበባ ጀልባ ላይ ሆና ጠብቃ ሳለቻት። በዚያው ዓመት አረፈች። ፈጥኖ መሥራት ለሚፈልግ፣ ጨለማ ጀርባ ለሚወድ ጉዋሽ ጥሩ ነው።

አክሪሊክ ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ንብርብሩም ይወፍራል። በታብሌት የሚሠሩም አሉ፤ ብሪታንያዊቷ ኒኪ ሲምፕሰን የተክሉን ክፍሎች በዲጂታል ምስል አሰባጥራ የምትሠራው ሥራ ለመማሪያ ግሩም ነው። ዋናውን ቅጂ መሸጥ ለሚፈልግ ግን ታብሌት አይሆንም።

በአንድ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | የውሃ ቀለም በወረቀት | የውሃ ቀለም በብራና | ባለቀለም እርሳስ | ብዕር |
|---|---|---|---|---|
| ነጭ አበባ | በጣም ጥሩ | ይከብዳል | ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| ደማቅ ፍሬ | ጥሩ | ከሁሉም ይበልጣል | መካከለኛ | አይሆንም |
| ስህተት ማረም | እንደ ቀለሙ | ቀላል | በመጀመሪያው ንብርብር ብቻ | በወረቀት አይቻልም |
| ፍጥነት | መካከለኛ | ቀርፋፋ | ቀርፋፋ | መካከለኛ |
| ብርሃን መቋቋም | ኮዱ ከተመረጠ ጥሩ | ኮዱ ከተመረጠ ጥሩ | እንደ እርሳሱ ይለያያል | በጣም ጥሩ |
| ኅትመት | ጥሩ | ስካን ላይ ጥራቱ ይቀንሳል | ጥሩ | ከሁሉም ይበልጣል |
| መነሻ ወጪ | መካከለኛ | ከፍ ያለ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ለመልመድ | ከባድ | በጣም ከባድ | ቀላል | መካከለኛ |

ታዲያ የትኛው ለማን?

ኪሱ የሳሳ ተማሪ በብዕር ይጀምር። ሁለት ብዕር ለዓመት ይበቃል። ከዚህ በላይ ደግሞ ዓይን ያሠለጥናል፤ ቀለም የሌለው ሰው ቅርጹን ከማየት ሌላ ምርጫ የለውም። ብዕር የለመደ ሰው ኋላ ወደ ውሃ ቀለም ሲገባ ይቀናዋል።

ሥራና ልጆች ያሉት ሰው እርሳስ ይያዝ። አሥራ ሁለት ጥሩ እርሳስ ከሰባ ሁለት ተራ እርሳስ ይበልጣል። በተናጠል የሚሸጥ ካገኛችሁ ለተክላችሁ የሚሆነውን ብቻ ለቅማችሁ ግዙ።

በዕፅዋት ጥናት ክፍል ውስጥ ያላችሁ፣ ወይም ከተመራማሪ ጋር መሥራት የምትፈልጉ፣ ብዕር ላይ ጽኑ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ያለው ናሙና ሰዓሊ ቢበዛለት አይጠላም። አገራችን ወደ 6,000 የሚጠጋ የዕፅዋት ዝርያ አላት፤ ብዙው አንድ ጊዜ እንኳ በአገሩ ልጅ እጅ በቀለም አልተሳለም ብዬ አስባለሁ። ይህ ሁሌ ያንገበግበኛል።

ኤግዚቢሽን የምታስቡ ሰዎች የውሃ ቀለም በወረቀት ያዙ። ፒትስበርግ ያለው የሃንት ተቋም ከ1964 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ሥዕል ትርኢት ያዘጋጃል። ኪው ውስጥ በ2008 የተከፈተው የሸርሊ ሸርውድ ጋለሪ የዘመኑን ሰዓሊዎች ያሳያል። ደቡብ አፍሪካም በኪርስተንቦሽ የዕፅዋት ማዕከል የራሷን ትርኢት አድርጋለች። እንዲህ ያሉ ቦታዎች የሚመዝኑት አንድ ጥሩ ሥዕል ብቻ አይደለም፤ በአንድ ርዕስ ዙሪያ የተያያዘ ሥራ ይወዳሉ። ቀጋን፣ ኮሶን፣ ጅብራን፣ እንዶድን አንድ ላይ አስቡት። ከፎቶ አትሥሩ፤ ፎቶ ቀለሙንም ርቀቱንም ያሳስታል፣ የሚያውቅ ዳኛ ወዲያው ያያል። ፎቶ ለማስታወሻ ብቻ ይሁን።

ሁለት ሦስት ዓመት የሠራችሁ ደግሞ ብራና ሞክሩ። 10 በ12 ሳንቲሜትር ቁራጭ ይበቃል። ውጭ አገር ለምትኖሩ የዕፅዋት ሰዓሊ የሆናችሁ ወገኖች ይህ የእናንተም ዕድል ነው። ሌላው ሰዓሊ ውድ የጥጃ ብራና ሲፈልግ እናንተ ለዕረፍት ስትመጡ ከአዘጋጁ እጅ የፍየሉን ትገዛላችሁ። ገንዘቡም የሚገባው ሙያውን ለያዙት ሰዎች ነው። ስትገዙ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። ውፍረቱ እኩል መሆኑን፣ ስብ ያለበት የሚያብለጨልጭ ቦታ አለመኖሩን ተመልከቱ። ጠጉር የነበረበትን ገጽ ለዩት፤ ትንንሽ ነጥብ ይታይበታል፣ ለቀለም ግን ብዙ ጊዜ እሱ ይሻላል።

አንድ የቀረ ነገር የጊዜ አቆጣጠር ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው በአደይ አበባ ነው፤ አደይ ደግሞ ቀጠሮዋ መስከረም ነው፣ አትጠብቅም። ወረቀቱን በሐምሌ ግዙ። ነሐሴን ሙሉ ቢጫ ተለማመዱ፤ ቢጫ ጥላው የሚያስቸግር ቀለም ነው፣ ጥቁር ቢነካው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ጥቂት ሐምራዊ ቢነካው ግን ይረጋል። መስከረም ሲጠባ ቅርንጫፏን ከነውሃዋ አምጡ፤ የመጀመሪያውን ሰዓት ልኳን ለመያዝ ብቻ ተጠቀሙበት።